የወደቀ ጓዳ ግብር

ግብር መክፈል የዜጋ ግዴታ ነው። ይህን ደባርቅ ላይ የሥነ ዜጋ መምህር ሆኜ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ በፈተና እጠይቃለሁ፤ ለሳተም ነጥብ እነፍጋለሁ። ስለዚህ እናቴ ደውላ «ግብሩ በዛብኝ» ያለችኝ ጊዜ መጀመሪያ ያደረግሁት ስለ መንግሥት ወጪ ማስረዳት ነበር። መንገዱ፣ መብራቱ፣ ውኃው ከምን የሚመጣ ይመስልሻል አልኳት። መንገዱ እሷ ሳትወለድ የነበረ መሆኑን፣ መብራቱ ከጠፋ መሰንበቱን፣ ውኃውን ደግሞ አሁንም ከምንጭ እንደምትቀዳ በትሕትና ነገረችኝ። እኔም ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ነግሬያት ስልኩን ዘጋሁ።

እናቴ የምትኖረው ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ግብር የሚሰበስበው ጽሕፈት ቤት አንድ ብቻ ነው፣ ሰዎቹም ሲያገኙኝ ከወንበራቸው ተነሥተው ሰላም የሚሉኝ ደጎች ናቸው። ቤቱ አባቴ በሕይወቱ ሳለ ያቆመው የጭቃ ቤት ነው። ፊት ለፊት ሳሎን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ፣ ከግቢው ጥግ ለብቻዋ የቆመች ማድ ቤት አለው። ጓዳው የእናቴ መኝታ ነው፤ እህሏም፣ ሣጥኗም፣ ሰው እንዲያየው የማትፈልገው ነገር ሁሉም ያለው እዚያ ነው።

ድሮ የጣራና ግድግዳ ግብር የሚባል፣ ስሙ ከክፍያው የሚከብድ ነገር ነበረ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ትከፍል ነበር፤ ስትመለስም ከመንግሥት ጋር የነበራት ጉዳይ ለዓመቱ ተዘጋ ማለት ነው። በኋላ አዲስ ተመን መጣ። ባለሙያዎች በሜትር ለኩ። አስፋልት ዳር በመሆኑ ነጥብ ሰጡት። ከጓዳው ጀርባ ያለውን ተዳፋት፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ስሜን ተራሮች የሚያሳየውን ክፍት ቦታ ቆመው አዩና «መልካም እይታ» ብለው ሌላ ነጥብ ጨመሩበት። እናቴ ያንን ተዳፋት ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ኖራለች፤ ፍየል ሲወጣበት እንጂ ዋጋ ሲወጣለት አይታ አታውቅም። ነጥቡ ሁሉ ሲደመር ግብሩ ከደመወዜ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። እኔ ልክፈለው ብል እንኳ ልጆቼ የሚበሉት አይተርፍም ነበር።

በነሐሴ እይታው ራሱ ቤት ገባ። ፍልሰታ ነበር፤ እናቴ ቅዳሴ ላይ ሳለች ዝናቡ ያራሰው ተዳፋት ተንዶ ከጓዳው ጀርባ ተቆለለ። በማግሥቱ ስደርስ የጓዳው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተነፍቶ፣ እንደ እርጉዝ ሆድ ወጥቶ ቆሟል። ጣራው ከአንድ ወገን ተንጋዷል። የእድሩ ወንዶች በባሕር ዛፍ ደግፈውት፣ በላዩ ሸራ ወጥረውበት ነበር። እናቴ ያለማቋረጥ የምታመሰግነው እቤት ባለመኖሯ ነው። እኔ ደግሞ እቤት ባለመኖሯ እያመሰገንኩ እቤት የሚያኖራትን ነገር አሰላስል ነበር።

ወንዶቹ በደቦ ሊሠሩላት ተነሥተው ነበር። ጭቃውም ተረግጧል፣ ጭዱም መጥቷል። ያን ጊዜ ደንብ አስከባሪው ደረሰ። ያለ ፈቃድ የቆመ ግድግዳ እንደሚፈርስ ነገራቸው። ለፈቃድ ደግሞ የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ክሊራንሱ የሚሰጠው ግብሩ ሲከፈል ነው፤ ግብሩም የታሰበው ያልተናደ ተዳፋት ባለው፣ መልካም እይታ ባለው ሙሉ ቤት ላይ ነው። የተረገጠው ጭቃ ደረቀ። ቤቱን ያየ አናጢ ሁሉ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጓዳው ሳይቆም የሚቀጥለው ክረምት ከገባ ሳሎኑም ይከተላል። ስለዚህ ነገሩ የግብር ጉዳይ መስሎ የቤት ጉዳይ ነበር። ከሰኔ በፊት ፈቃዱ ካልወጣ እናቴ ቤት አይኖራትም።

እኔ ግን ተስፋ ነበረኝ፤ ምክንያቱም ደንቡን አንብቤዋለሁ። ደንብ የሚያነብ ሰው ተስፈኛ ነው። በተፈጥሮ አደጋ ቤቱ የተጎዳበት ሰው በጉዳቱ መጠን ግብሩ እንደሚቀነስለት፣ ቤቱ ለመኖሪያ የማይሆን ከሆነም ለዓመቱ ጨርሶ እንደሚነሣለት የሚል አንቀጽ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ደግ አንቀጽ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሳይጠይቀው መኖሩ አሳዘነኝ። በእናቴ ስም ማመልከቻ ጻፍኩ። ማመልከቻውም «አጣሪ ኮሚቴ በአካል ተገኝቶ ይመልከት» ተብሎ ተመራ።

ኮሚቴው በአካል ለመገኘት ብዙ ነገር ጎደለው። በጥቅምት ለሞተር ሳይክሉ ቤንዚን ጠፋ። በኅዳር ሥልጠና ሄዱ። በታኅሣሥ ከሥልጠናው የተማሩትን ለሌላው ለማካፈል ስብሰባ ተቀመጡ። ከጥምቀት በኋላ ግን አንድ ሐሙስ እናቴ ስልክ ደወለች።

«መጡልኝ» አለች። ድምፅዋ የልጅ ሠርግ የደገሰች ሴት ድምፅ ነው። «ኧረ እንዴት ያሉ ደጋግ ልጆች መሰሉህ። በልተው ጠጥተው፣ መርቀውኝ ሄዱ።»

«ምን ብለው ሄዱ?»

«ቤትሽ አይጉደል አሉኝ።»

የሚመጡበትን ቀን ከነገሯት ጀምሮ የሆነውን በኋላ ጥቂት በጥቂት ሰማሁ። አንዷ ጎረቤት ምንጣፍ አመጣች። ሌላዋ የሠርግ ብርጭቆዎቿን አዋሰች። ጓዳው እንዳይታይ ወፍራም መጋረጃ ከእድሩ ዕቃ ቤት ወጣ። ዶሮ ታረደ። የንስሐ አባቷ፣ አጥር የሚጋሯት ቄስ፣ እንግዶቹ ያለ ወንድ አጫዋች እንዳይቀመጡ ተጠርተው መጡ። ሰፈሩ ሁሉ የእናቴን ገበና ለመሸፈን ተረባረበ። የመጡት ሰዎች የሚፈልጉት ያንኑ ገበና እንደሆነ ለማንም ትዝ አላለውም።

ውሳኔውን ለመስማት ጽሕፈት ቤቱ የሄድኩት ሳምንት ቆይቼ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ በዕድሜ የገፋ፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያውቅ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ቃለ ጉባኤውን ራሱ አነበበልኝ። «የቤቱ ባለቤት ስለ ቤቱ ሁኔታ ተጠይቀው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል፣ ሁሉ ሙሉ ነው ብለዋል። ጎረቤት የሆኑት ቄስም ቤቱ በእግዚአብሔር ቸርነት መቆሙን መስክረዋል። ኮሚቴው ሳሎኑን ተመልክቶ ግድግዳው ደህና፣ ምንጣፉም በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ጉዳት አልተገኘም።»

በእኛ አገር እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ሲያልፍ እንዴት ነህ ብትለው ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይልሃል። ቤቱ የተቃጠለበትም እንዲሁ ነው። አንዲት ባልቴት እንግዳ ፊት ተቀምጣ ቤቴ ወድቋል ብትል ሰው የሚደነግጠው በቤቱ መውደቅ ሳይሆን በመናገሯ ነው። ሰብሳቢውም የዚህ አገር ሰው ነው፤ እሱም ሲጠየቅ እንደዚሁ ነው የሚመልሰው። አፍ ላይ ሳለ ምስጋና የነበረው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ማስረጃ ሆነ።

«ጓዳውን አያችሁት?» አልኩት።

ሰብሳቢው አንገቱን ደፋ። «መምህር» አለኝ፣ «እርስዎ እኮ የሰው ልጅ ነዎት። በልተን ጠጥተን፣ እንዴት ብለን የእናት ጓዳ መጋረጃ እንገልጣለን? እሳቸውም ግቡ አላሉን።»

«ጉዳቱ ያለው ጓዳው ውስጥ ነው።»

«ይሆናል። ግን ነውር ነው።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እነዚህ ደግሞ ባለቤቷን አክብረው ቤቷን ሊጥሉባት ነው። ይህንኑ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሰውየው ግን ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ የጋበዘህን ሰው ደግሞ አትጮህበትም። ሻዩን ጠጥቼ ሳበቃ የይግባኝ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ራሱ አሳየኝ፤ ይግባኙን የሚያየው ማን እንደሆነም ነገረኝ። ያው እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንደ ልማዴ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ተቆጥቼ ነበር፤ በሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። እናቴ ደጅ ወጥታ ተቀበለችኝ፣ ሳሎን መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ፣ እግሬ እንዳይበርደው ብርድ ልብስ ጣለችልኝ፤ እኔው የገዛሁላት ወፍራሙ ብርድ ልብስ ነው። ከማድ ቤት ወጡን ይዛ መጣች። ዕቃው ሁሉ ከማድ ቤት መመላለሱን አይቻለሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

«እማዬ፣ እውነቱን መናገር ነበረብሽ» አልኳት እየበላሁ። «መንግሥት የሚያየው የተነገረውን ነው። ሲጠይቁሽ ጓዳዬ ተጎድቷል ማለት ነው። ነውር የለውም፤ መብትሽ ነው።»

«እሺ ልጄ።»

«ተመስገን ማለት በሌላ ቦታ ነው። በሰው ፊት ያጋጠመሽን እንዳለ ትናገሪያለሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ። ጨምርበት፣ ደረቅ ሆነብህ እንዴ?»

«ደህና ነው። ጓዳውስ አሁን እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ምን ይሆናል፤ ተመስገን» አለች።

እኔም ጨምሬ በላሁበት፤ መብቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረድቼያት፣ እስከ አስፋልቱ ሸኝታኝ ተመለስኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ሳስበው የሴትዮዋ ችግር የዜግነት ንቃት ማጣት ሆኖ ተሰማኝ።

ይግባኙ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ ሁሉ በላ። ግንቦት ሲጋመስ ወደ ወገራ በኩል ደመና መቋጠር ጀመረ። ማታ ማታ ነጎድጓዱ ከሩቅ ሲሰማ ደባርቅ ቤታችን ባለቤቴ ልብስ ታስገባለች፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። አሁንስ ፈርቼ ነበር። አንድ ዝናብ መጥቶ ያ የተነፋ ግድግዳ ቢተኛባትስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ግንቦት ሊወጣ ሲል ኮሚቴው ዳግመኛ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቄ በዋዜማው ደወልኩላት። ምንጣፍ የለም፣ ዶሮ የለም፣ የተዋሰ ብርጭቆ የለም አልኳት። ጥያቄ ሲመጣ እኔ ጎንሽ ነኝ፤ እውነቱን ትናገሪያለሽ።

«ባዶ ቤት ሰው ልቀበል?»

«አዎ። ባዶ ቤት።»

ስደርስ ምንጣፉ አልነበረም። ዶሮም አልነበረም። ጠላ ግን ተጠምቋል፣ ቆሎም ተቆልቷል። እነሱን አልከለከልከኝም አለች። ቄሱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከመደቡ ጥግ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ከአንድ ወጣት መሐንዲስ ጋር መጣ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጤና፣ የከብቱ ጤና፣ የዘንድሮው ገብስ ሁሉ ተጠየቀ፣ ለሁሉም እግዚአብሔር ተመሰገነ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እማማ፣ እንደገና ላስቸግርዎ ነው። ቤቱ እንዴት ነው?»

እናቴ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ትላንት የተስማማንበትን ልትናገር መሞከሯን እመሰክራለሁ፤ በልጅነቴ ታምሜ መድኃኒቱን ስውጥ እሷ እንደምታየኝ አየኋት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ሰብሳቢው ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ እርስዎስ?»

«ስብሐት ለእግዚአብሔር» አሉ ቄሱ። «አለን። እሱ ያቆመውን ማን ይጥለዋል።» ይህን ሲሉ መሬት መሬቱን ያያሉ።

መሐንዲሱ ብዕሩን አነሣ። ያን ጊዜ ተነሣሁ። ከመደቡ እስከ መጋረጃው ያለው ቦታ አጭር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ተወልጄ አድጌ፣ ካደግሁ በኋላ እንግዳ ባለበት ያንን መጋረጃ ገልጬ አላውቅም። እናቴ «ተው ልጄ» አለች በለሆሳስ። መጋረጃውን ይዤ ሳብኩት። ከነሽቦው ወረደ።

ጓዳ የለም።

የተነፋ ግድግዳ አይደለም የጠበቀኝ፤ ግድግዳም የለም። የአፈር ክምር አለ፤ በክምሩ ላይ ሣር በቅሏል፣ ሣሩም ረዝሟል። ከሣሩ ወዲያ ተዳፋቱ፣ ከተዳፋቱ ወዲያ ሰማይ ይታያል። ጣራው ቆርቆሮው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። መሐንዲሱ ብድግ ብሎ ቀረበ፣ የሣሩን ቁመት አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር።

«እማዬ፣ አልጋሽ የት ነው?»

ጠላ ለመቅዳት ጎንበስ አለች። ወጣሁና በግቢው ዞሬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከምድጃው ጎን፣ ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ሥር አንድ አጎዛ ተነጥፏል፤ ከራስጌው የጸሎት መጽሐፏ፣ ከግርጌው ዶሮዎቹ የሚያድሩበት ቆጥ ነው። የምትለብሰው አሮጌ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ሳሎን ነው፤ ቅዳሜ ለእኔ፣ ሌላ ቀን ለሚመጣ ሰው።

ተከትላኝ መጥታ ደጁ ላይ ቆማለች።

«መቼ ነው የወደቀው?»

«በነሐሴው መጨረሻ። አንተ አይተህ በሄድክ በሳምንቱ።»

«ዘጠኝ ወር አለፈው እኮ። ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ታድሪያለሽ?»

«ምን ገዶኝ፤ እሳቱ ቅርብ ነው፣ ይሞቃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ። ድምፄ እንዳይወጣ እየተጠነቀቅሁ ነበር፤ አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ይልቅ ገረማት። እንደ ደካማ ተማሪ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

«አዬ ልጄ። አንተ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ከመንገድ መጥተህ፣ ደክሞህ፣ ትበላለህ፣ ትስቃለህ፣ ትሄዳለህ። አንተም እኮ እንግዳዬ ነህ። እንግዳ ይዤ ጓዳ ላሳይ?» ከዚያም ጨመረች፦ «እንባህን ጥረግና ና፤ ሰዎቹን ብቻቸውን ትተናቸው ወጣን፤ ደግ አይደለም።»

ሳሎን ስንመለስ መሐንዲሱ ጽፎ ጨርሷል። ሰብሳቢው ቆሞ ነበር፤ እናቴን ቀና ብሎ ማየት ከብዶታል። ጓዳው ሙሉ በሙሉ መውደሙን፣ ቤቱ ለመኖሪያ የማይሆን ተብሎ ግብሩ እንደሚነሣ፣ ፈቃዱም ዝናብ ሳይገባ እንዲወጣ ራሱ ይዞት እንደሚዞር ተናገረ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ በእኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ግን የቀረበለትን ጠላ ቆሞ እስከ ጭላጩ ጠጣው።

«አንድ ነገር ቀረ» አለ። «ጓዳው ከወደቀበት ቀን ጀምሮ መውደቁን የሚያውቅ ምስክር ይፈርማል። ከቤተሰብ ቢሆን ይመረጣል። መምህር፣ ልጃቸው እርስዎ ስለሆኑ።»

ወረቀቱን ገፋልኝ፤ ብዕሩንም ሰጠኝ። በፈተና ነጥብ የምነፍጋቸው ተማሪዎቼ ከባዶ ወረቀት ፊት ምን እንደሚሰማቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ብዕሩን ለቄሱ አሳለፍኩት። ቄሱ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፣ በጉልበታቸው ላይ ወረቀቱን አስተካክለው ስማቸውን ከነማዕርጋቸው ጻፉ። እናቴ ከእንግዶቹ ጎን አስቀምጣኝ ጠላ ቀዳችልኝ።